ጨለማ ውስጥ የማይከዳችሁን የእጅ ባትሪ እንዴት ትመርጣላችሁ? ከሱቅ እስከ ዋሻ

ብዙ ሰው የእጅ ባትሪ ሲገዛ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ሱቅ ውስጥ ያበራዋል፣ ግድግዳው ቦግ ይላል፣ ከፍሎ ይወጣል። ከዚያ ዋሻ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ብርሃኑ ይደክማል። ወይም አንዴ ከግድግዳ ጋር ሲላተም ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ወይም ቦርሳ ውስጥ በራሱ በርቶ ያድርና ሲፈለግ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

እኔን የገጠመኝ ሁለተኛው ነው። ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ በደረቴ እየተሳብኩ ሳለ ባትሪዬ ግድግዳውን ነካና ጠፋ። ስመታው በራ፣ እጄን ሳንቀሳቅስ መልሶ ጠፋ። ኪሴ ውስጥ ሁለተኛ ባትሪ ስለነበር ወጣሁ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ጥፋቱ የአንዲት የላላች ሞላ ነበር። ሱቅ ውስጥ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጌው ቢሆን ኖሮ እዚያው ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ «ምን ያህል ያበራል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። «መቼ ይጠፋል? እንዴት ይጠፋል? ሲጠፋስ ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ጀምሩ።

በቃላቱ እንግባባ፦ እዚህ ላይ «ባትሪ» ስል መብራቱን ራሱን ነው። «ድንጋይ» ስል ውስጡ የሚገባውን የባትሪ ድንጋይ ነው። የዋሻውን ድንጋይ ደግሞ «አለት» እያልኩ እሄዳለሁ።

ደረጃ 1፦ የምትገቡበትን ጨለማ ለዩ

ወረቀት አውጡና አራት ነገር ጻፉ። ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ? ውሃ አለ? ለመውጣትና ለመውረድ ሁለት እጃችሁ ያስፈልጋል? የሩቁ ግድግዳ ስንት ሜትር ላይ ነው?

ጠባብ ዋሻ ውስጥ የምታዩት በአብዛኛው እግራችሁ ሥርና ፊት ለፊታችሁ ያለውን ጥቂት ሜትር ነው። እዚያ ሩቅ የሚወረውር ባትሪ ምንም አይጠቅማችሁም። ትልቅ አዳራሽ ያለው ዋሻ፣ ረጅም ዋሻ መንገድ ወይም ሰፊ ባዶ ሕንፃ ከሆነ ግን ከቅርቡ በተጨማሪ ሩቅ የሚያሳይ ያስፈልጋል። ውሃ ካለ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፣ ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ።

ማስጠንቀቂያ። የምትገቡት አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ፣ የፍሳሽ መስመር፣ ታንከር ወይም ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ጉድጓድ ከሆነ ተራ ባትሪ ይዛችሁ አትግቡ። እንዲህ ያለ ቦታ ሚቴን ሊጠራቀም ይችላል። ሚቴን ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች፣ የተራ ባትሪ ቁልፍ ደግሞ ያቺን ብልጭታ ሊሰጥ ይችላል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ፍንዳታ እንዳያስነሳ ተሠርቶ የተመሰከረለት ባትሪ አለ። እሱና የጋዝ መለኪያ ከሌላችሁ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰውም አብሯችሁ ከሌለ፣ ይቅርባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኤልኢዲ ባትሪ ኦክስጅን አይፈልግም። እናንተ ራሳችሁን ስታችሁ ብትወድቁም እሱ ይበራል። መብራታችሁ ደህና ስለሆነ አየሩም ደህና ነው ማለት አይደለም። ሻማ ለኩሳችሁ አየሩን ለመፈተን እንዳታስቡ፣ ጋዝ ካለ እሳት ይዛችሁ ገባችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ አንድ ሳይሆን ሦስት ግዙ

ዋሻ የሚያስሱ ሰዎች የቆየ ሕግ አላቸው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት። ለቡድኑ ሦስት አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ነው። ሦስቱም ለየብቻቸው እናንተን ወደ ውጭ ማድረስ መቻል አለባቸው።

1. ዋናው ግንባር ላይ ይሁን። ሄልሜት ላይ ቢታሰር ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። እጃችሁ ነፃ ይሆናል፣ ብርሃኑም ዓይናችሁ ወደዞረበት ይዞራል።
2. ተጠባባቂው ሌላ የግንባር ባትሪ ይሁን። ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ድንጋይ የሚወስድ ብትመርጡ ትርፍ ድንጋዩ ለሁለቱም ይሆናል።
3. ሦስተኛው ትንሽ የእጅ ባትሪ ይሁን። በአንገታችሁ ወይም በእጃችሁ አንጓ በገመድ ይታሰር። ሌሎቹን የምትጠግኑት በእሱ ብርሃን ነው።

ስልክ ከሦስቱ አይቆጠርም። በጭቃ እጅ አይታዘዝም፣ ከወደቀ ይሰበራል፣ ቻርጁም ከወጣችሁ በኋላ ለመደወል ያስፈልጋችኋል።

የእጅ ባትሪው ሌላም ጥቅም አለው። ግንባር ላይ ያለ መብራት ከዓይናችሁ አጠገብ ስለሚነሳ ጥላ አያሳይም፣ ጉድጓዱም ጉብታውም ሜዳ ይመስላል። የምትረግጡት ቦታ ሲያጠራጥራችሁ የእጅ ባትሪውን ወገባችሁ ድረስ ዝቅ አድርጋችሁ በጎን አብሩበት። ጥላው ወዲያው ይወጣል፣ ጉድጓዱም ይታያል።

ደረጃ 3፦ ካርቶኑን አንብቡ፣ ግን ትልቁን ቁጥር አትመኑ

ሉመን ከባትሪው የሚወጣው የብርሃን ጠቅላላ መጠን ነው። ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ዓይናችሁ እጥፍ አያይም። ሁለት እጥፍ የደመቀ ሆኖ እንዲታያችሁ ሉመኑ ወደ አራት እጥፍ መጠጋት አለበት። ጠባብ ቦታ ለመራመድ ከ100 እስከ 300 ሉመን ይበቃል። ካርታ ለማየት ወይም ገመድ ለማሰር 20 እና 30 ሉመን እንኳን ብዙ ነው። 1000 ሉመን የሚያስፈልገው ለአፍታ ሩቅ ለማየት ብቻ ነው።

ካርቶኑ ላይ «ኤፍኤል 1» (FL 1) የሚል ምልክት ፈልጉ። ይህ የእጅ ባትሪዎች የሚለኩበት መስፈርት ነው። ካለ ቁጥሮቹ በአንድ ዓይነት መንገድ ተለክተዋል ማለት ነው። እንዲህ ታነቡታላችሁ፦

የብርሃን መጠን። የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ቁጥሩ ምንም አይልም። ኃይለኛ ባትሪ ሁሉ ይሞቃል፣ ደህናው ደግሞ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ብርሃኑን በራሱ ይቀንሳል። 1000 ሉመን ብላችሁ የገዛችሁት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ 300 ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ግን እያወቃችሁ ግዙ።

የሚቆይበት ሰዓት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። 1000 ብሎ የጀመረ ባትሪ 100 ሉመን እስኪደርስ ድረስ እንደበራ ይቆጠርለታል። ስለዚህ «8 ሰዓት» ሲባል 8 ሰዓት በሙሉ ድምቀት አድርጋችሁ አትረዱት። የአምራቹን የሰዓትና የብርሃን ግራፍ ፈልጉ። መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ሄዶ ድንገት ገደል የሚገባ ከሆነ ባትሪው ሳያስጠነቅቅ ይጠፋል፣ ስለዚህ የድንጋይ መጠን የሚያሳይ ጠቋሚ መብራት ያስፈልገዋል። ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ እየደከመ መሆኑን ራሱ ይነግራችኋል።

ርቀት። ካርቶኑ ላይ ያለው ሜትር ብርሃኑ እንደ ሙሉ ጨረቃ እስኪደክም ያለው ርቀት ነው። 200 ሜትር ከተባለ 200 ሜትር ላይ ሰው ለይታችሁ ታያላችሁ ማለት አይደለም። እኔ ግማሹን ብቻ ነው የምቆጥረው።

መውደቅ። ስንት ሜትር እንደተጻፈ እዩ። መስፈርቱ ቢያንስ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ መጣልን ይጠይቃል። ግንባራችሁ ግን ከ1 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ 1.5 ወይም 2 የሚል ፈልጉ።

ካርቶኑ ላይ 100,000 ሉመን የሚል ኪስ የሚገባ ባትሪ ካያችሁ ቦታው መልሱት። በአንዱ ቁጥር የዋሸ በሌላውም ይዋሻል።

ደረጃ 4፦ ጮራውንና ቀለሙን እዩ

ባትሪውን ከአንድ ሜትር ርቀት ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩ። መሐሉ ላይ የሚነድ ነጥብ ሆኖ ዙሪያው ጨለማ ከሆነ ሩቅ ወርዋሪ ነው፣ ጠባብ ቦታ ላይ ዓይን ያደክማል። ለዋናው መብራት ከመሐል ወደ ዳር ቀስ እያለ የሚሳሳ ሰፊ ብርሃን ምረጡ።

ፊቱ እየተገፋና እየተሳበ የሚጠብና የሚሰፋ ዓይነት አለ። ለቤት ይሁን፣ ለዋሻ ግን አልመክርም። የሚንሸራተተው ክፍል ውሃና አቧራ ያስገባል።

ቀለሙን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) እዩ፦ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከ4000 እስከ 5000 ያለው ወደ ሰማያዊም ወደ ቢጫም ብዙ የማያደላ ነጭ ነው። ጭቃ፣ እርጥብ አለትና ደረቅ አለት ለመለየት ሁለተኛው ይሻላል። 

ቀይ መብራት ቢኖረው ጥሩ ነው። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ሲያይ ግን ያ ሁሉ ልምድ ባንዴ ይጠፋል። ደብዛዛ ቀይ እምብዛም አይረብሸውም። ጣሪያ ላይ የሌሊት ወፍ ካለም ነጩን አታብሩበት፣ በቀዩ ዝም ብላችሁ እለፉ።

ደረጃ 5፦ ድንጋዩን ከባትሪው እኩል አስቡበት

ብዙ ብልሽት የሚመጣው ከድንጋይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ተራ አልካላይን (ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ)። የትም ይገኛል። ግን ኃይለኛ ባትሪ ላይ ቶሎ ይደክማል፣ ብርድ አይወድም፣ ውስጥ ቆይቶ ካፈሰሰ ደግሞ ባትሪውን ይበላዋል።

ቻርጅ የሚደረግ ደብል ኤ (ኒኬል)። 1.2 ቮልት ነው፣ አብዛኛው ባትሪ ይቀበለዋል። ለተጠባባቂው መብራት የምመርጠው ይህን ነው። «ቻርጁን ሳያፈስ የሚቆይ» የሚለውን ዓይነት ግዙ፣ አለበለዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ያልቃል።

ሊቲየም ደብል ኤ (ቻርጅ የማይደረግ፣ 1.5 ቮልት)። ቀላል ነው፣ ከዜሮ በታች ባለ ብርድም ይሠራል፣ ለዓመታት ይቀመጣል። ለትርፍነት ይህ ነው የሚያዘው።

18650 የሚባለው። ስሙ ራሱ መጠኑ ነው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ይባላል፣ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ለዋናው መብራት ምርጡ ይህ ወይም ታላቅ ወንድሙ 21700 ነው።

አሁን በደንብ ስሙኝ። የእውነተኛ 18650 አቅም ከ2500 እስከ 3600 ኤምኤኤች (mAh፣ ድንጋዩ የሚይዘው የቻርጅ መጠን) አካባቢ ነው። 9900 ወይም 12000 የሚል ተጽፎበት ካያችሁ ሐሰት ነው፣ ክርክር የለውም። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። እውነተኛው 45 ግራም ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፣ ልጣጩ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ተደብቆ ቀሪው ባዶ የሆነበትም አለ።

እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ፦

- 14500 የሚባለው ድንጋይ መልኩ ቁርጥ ደብል ኤ ነው፣ ቮልቱ ግን ከእጥፍ በላይ ነው። መመሪያው ካልፈቀደ ደብል ኤ ባትሪ ውስጥ ካስገባችሁት ታቃጥሉታላችሁ።
- አሮጌና አዲስ፣ ወይም የተለያየ ዓይነት ድንጋይ አብራችሁ አታስገቡ። ደካማው በጠንካራው ይገፋል፣ ይሞቃል፣ ሊቲየም ከሆነ ሊፈነዳ ይችላል።
- የውጭ ልጣጩ የተቀደደ ወይም አካሉ የጎደጎደ ሊቲየም አትጠቀሙ። ፕላስ በኩል ያለችዋን ቀለበት በተለይ እዩ፣ እዚያ ጋ ልጣጩ ትንሽ ከተቀደደ ከባትሪው አካል ጋር ሊገናኝ ይችላል።
- መከላከያ ሰርኪት (አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ክፍል) ያለው 18650 ከ65 ሚሊሜትር ጥቂት ይረዝማል። ሁሉም ባትሪ ውስጥ አይገባም። በግድ አትጠምዝዙት።

ሦስት ትሪፕል ኤ በፕላስቲክ ቅርጫት የሚይዝ ባትሪ ርካሽ ነው፣ ግን መገናኛው ይበዛል። ከስድስቱ ጫፍ አንዱ ከላላ ሦስቱም ዋጋ የላቸውም። አንድ ድንጋይ ብቻ የሚወስድ ባትሪ ሁልጊዜ ከዚህ ይታመናል።

ድንጋዩ የማይወጣ፣ በኬብል ብቻ የሚሞላ ባትሪ ለዋናነት አትምረጡ። ውስጥ ሆናችሁ ሲያልቅ የምትቀይሩት ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ አካሉንና ቁልፉን በእጃችሁ ፈትሹ

1. ነቅንቁት። እያበራ ሳለ በኃይል አራግፉት፣ መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉት። ለቅጽበት እንኳን ከተርገበገበ አትግዙት።
2. ክፈቱት። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ሳይንገዳገድ በለስላሳው መዞር አለበት። ውስጥ ያለው ሞላ ወፍራም ይሁን። በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ካልቆመ ተዉት።
3. የጎማ ቀለበቱን እዩ። ካልተሰነጠቀና ካልተጠማዘዘ ደህና ነው። ጨርሶ ከሌለ ውሃ ይከላከላል መባሉን እርሱት።
4. የውሃ መከላከያውን ቁጥር አንብቡ። አይፒኤክስ (IPX) 4 የሚረጭ ውሃ ይችላል። አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። አይፒኤክስ 8 ከዚያ ለባሰ ነው፣ ጥልቀቱን አምራቹ ይናገራል። ውሃ ያለበት ዋሻ ከ7 በታች ይዛችሁ አትግቡ።
5. በጓንት ሞክሩት። ዓይናችሁን ጨፍኑና ቁልፉን ፈልጉት። ካላገኛችሁት ጨለማ ውስጥም አታገኙትም።
6. ሞዶቹን ቁጠሩ። ደብዛዛ፣ መካከለኛ፣ ደማቅ ይበቃል። ለማጥፋት በብልጭ ድርግምና በኤስኦኤስ (የድረሱልኝ ምልክት) ውስጥ የሚያሳልፍ ባትሪ ገመድ ላይ ተንጠልጥላችሁ ሳላችሁ ዓይናችሁን ያጨልመዋል።
7. መቆለፊያ ይኑረው። ብዙ ባትሪ የኋላ ክዳኑ ሩብ ዙር ሲላላ አይበራም። ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም፣ አላልታችሁ ቁልፉን ተጫኑና አረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ ፈትኑት

አዲስ ባትሪ ገዝቶ በዚያው ሳምንት ዋሻ መግባት ትልቅ ስህተት ነው። መጀመሪያ አንድ ምሽት ስጡት።

የሰዓት ፈተና። ድንጋዩን ሙሉ አድርጉ። የክፍሉን መብራት አጥፉና ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ ወደ ጣሪያ አቁሙት፣ መካከለኛው ላይ አብሩት። ስልካችሁን አንድ ቦታ አስደግፉ። በየ15 ደቂቃው ጣሪያውን ፎቶ አንሱ፣ የካሜራው ብርሃን ማስተካከያ በእጅ ተቆልፎ ይሁን፣ አለበለዚያ ስልኩ ራሱ እያስተካከለ ያታልላችኋል። የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ካላችሁ ቁጥሩንም ጻፉ። መቼ እንደደከመ፣ ማስጠንቀቂያው መብራት ከበራ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ታውቃላችሁ። እሷን የመጨረሻ ቁጥር ባትሪው ላይ በፕላስተር ለጥፏት። ከካርቶኑ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት።

ሰዓቱ ከተጻፈው በጣም ካነሰ መጀመሪያ ድንጋዩን ቀይራችሁ ድገሙት። ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ጥፋቱ የባትሪው ነው፣ መልሱት።

የሙቀት ፈተና። ደማቁ ላይ አብርታችሁ በእጃችሁ ያዙት። መያዝ ካቃታችሁና ብርሃኑን በራሱ ካልቀነሰ አደገኛ ነው። ቦርሳ ውስጥ በርቶ ቢቀር ጨርቅ ያቃጥላል።

የውሃ ፈተና። አይፒኤክስ 7 ወይም 8 ከሆነ ብቻ። ድንጋዩን አውጡ፣ ቁራጭ ደረቅ ሶፍት ውስጡ አስገቡ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና ባልዲ ውስጥ ለ30 ደቂቃ አስቀምጡት። አውጥታችሁ ውጭውን በደንብ ከጠረጋችሁ በኋላ ክፈቱት። ሶፍቱ ከረጠበ ቀለበቱን አውጥታችሁ አጽዱ፣ ስስ የሲሊኮን ግራሶ ቀብታችሁ ድገሙት። ቫዝሊንና የመኪና ግራሶ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጡታል፣ አትቀቡት።

የቻርጅ ፈተና። ታይፕ ሲ ሆኖ ከሁለት ጎኑ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል የማይሞላ ባትሪ አለ። ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። አንድ ጫፉ ትልቁ የድሮ ዩኤስቢ በሆነ ኬብል ሞክሩት፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያንን ኬብል አብሮት አኑሩ። ሊቲየም ስትሞሉ ደግሞ ተኝታችሁ ወይም ቤት ጥላችሁ አትሂዱ።

የመርገብገብ ፈተና። በስልክ ካሜራ ባትሪውን እዩት። ደብዛዛው ሞድ ላይ ስክሪኑ ላይ ወፍራም ጥቁር መስመሮች ከተንሸራተቱ ብርሃኑ እየተርገበገበ ነው። ሞት አይደለም፣ ለረጅም ሰዓት ግን ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከመግባታችሁ በፊት

1. ያሰባችሁትን ሰዓት በሦስት አባዙ። አራት ሰዓት ካሰባችሁ የአሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን ያዙ፣ የዋናው ባትሪና የትርፍ ድንጋዩ ድምር ማለት ነው።
2. ሙሉ ድንጋዮችን በአንድ ወገን፣ ባዶዎችን በሌላ የምትለዩበት መንገድ አብጁ። እኔ ሙሉውን ፕላሱን ወደ ላይ፣ ያለቀውን ወደ ታች አድርጌ ነው ሳጥን ውስጥ የማስቀምጠው።
3. ሊቲየም ድንጋይ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አታድርጉ። ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘው ይነዳል። የፕላስቲክ ሳጥን ይኑረው።
4. ሦስቱንም አብሩ፣ አጥፉ፣ ተጠባባቂዎቹን ቆልፉ።
5. ዓይን ጨፍኖ ድንጋይ መቀየር ተለማመዱ። አምስት ጊዜ። ፕላሱ ወዴት እንደሚገባ ጣታችሁ ይወቀው።
6. የት እንደምትገቡና በስንት ሰዓት እንደምትወጡ ውጭ ለሚቀር ሰው ንገሩ።

ውስጥ ስትገቡ መካከለኛው ላይ ሂዱ። ደማቁን ለማየት ብቻ ተጠቀሙበትና መልሱት። ከትንፋሻችሁ የሚወጣው እንፋሎት ፊታችሁ ላይ ነጭ ሆኖ ከታያችሁ የግንባሩን ደብዛዛ አድርጉና የእጁን ወገባችሁ ጋ ያዙ።

ደረጃ 9፦ ውስጥ ሆናችሁ ቢጠፋ

ከሁሉ በፊት፣ ቁሙ። አንድ እርምጃም አትራመዱ። ዋሻ ውስጥ ያለው ጨለማ ዓይን ቢወጉ የማይታይበት ነው፣ ዓይናችሁ የፈለገውን ያህል ቢቆይ አይለምደውም፣ ምክንያቱም የሚለምደው ብርሃን ጭራሽ የለም። ከቻላችሁ ተቀመጡ።

1. ሁለተኛውን አብሩ። ሲበራ ብቻ የመጀመሪያውን ከራሳችሁ አውልቁ።
2. የኋላ ክዳኑን አጥብቁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ይህ ብቻ ነው።
3. ካልሆነ ድንጋዩን ቀይሩ። ክዳኑን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት፣ መሬት ላይ አይደለም። ጭቃ ውስጥ የገባ ክዳን አይገኝም፣ ቢገኝም ጥርሱ አሸዋ ጠጥቷል።
4. አዲሱም ካላበራ ፕላስና ማይነሱን አረጋግጡ።
5. ሞላውን በጣት ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት። የድንጋዩን ሁለት ጫፍና የክዳኑን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ እሹ።
6. ውሃ ከገባበት ሊቲየሙን አውጡና ባትሪውን ክፍት አድርጋችሁ ቦርሳ ውስጥ አኑሩት። እዚያው ለማድረቅ አትሞክሩ።

አሁን ዋናው ነገር፦ ከሦስቱ አንዱ ጨርሶ ከሞተ ጉዞው አልቋል። ወደ ውጭ ተመለሱ። «ሁለት ይበቃኛል» ብሎ መቀጠል ነው ሰው የሚያስቀረው። አብሯችሁ ሰው ካለ አንዱ መካከለኛ አብርቶ ይምራ፣ ሌላው አጥፍቶ ወይም ደብዛዛ አድርጎ ይከተል።

ሦስቱም ከጠፉ ደግሞ ካላችሁበት ንቅንቅ አትበሉ። ልብስ ደርቡ፣ ከውሃ ራቁ፣ እርጥብ አለት ላይ በቀጥታ አትቀመጡ፣ ቦርሳችሁን ከሥራችሁ አድርጉ። ደረጃ 8 ላይ ለሰው ንገሩ ያልኩት ለዚህች ሰዓት ነው።

ደረጃ 10፦ ከወጣችሁ በኋላ

ባትሪውን ሳትከፍቱ በፊት ውጭውን እጠቡ። ጭቃ እንዳለ ከከፈታችሁት አሸዋው ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ከደረቀ በኋላ ክፈቱ፣ የድሮውን ግራሶ ጠርጉ፣ ጥርሱና የጎማ ቀለበቱ ላይ አዲስ ስስ ቅባት አድርጉ።

አልካላይን አፍስሶ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካገኛችሁ ጓንት አጥልቁ። ድንጋዩን አውጡ። የጆሮ ጥጥ ጫፍ በትንሽ ኮምጣጤ ነክራችሁ ዱቄቱን እሹት፣ ትንሽ ይፈላል፣ አትደንግጡ። ከዚያ በውሃ በረጠበ ጥጥ ጠርጉና አንድ ቀን ሙሉ አድርቁ። ብረቱ አሁንም ከጠቆረ በላጲስ ፈግፍጉት። ሞላው ራሱ ከተበላ ያ ባትሪ ለቤት ይሁን፣ ለዋሻ አይመለስ።

ቮልት መለኪያ ካላችሁ ሊቲየሙን ለኩት። ከ2.5 ቮልት በታች ወርዶ የቆየ ከሆነ ቻርጅ አታድርጉት፣ ለይታችሁ አስወግዱት፣ እሳት ውስጥ ግን አይደለም።

ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ አልካላይኑን አውጡ። ሊቲየሙን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩ። በጣት ነካ ሲደረግ የሚበራ ኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ያለው ባትሪ ጠፍቶም ቢሆን ጠብታ ጠብታ እያለ ድንጋዩን ይጠጣል፣ የኋላ ክዳኑን አላሉት። በወር አንድ ቀን ሦስቱንም አውጥታችሁ አብሯቸው፣ ነቅንቋቸው፣ ፕላስተሩ ላይ የጻፋችሁትን ቁጥርም በዓመት አንዴ እንደገና ለኩት። ድንጋይ ያረጃል፣ አምና አራት ሰዓት የሄደ ዘንድሮ ሁለት ተኩል ላይ ሊያቆም ይችላል።